ቬርሊን የሰቀለው ቀይ ካርድ

ሎርና ሃውገን «ውሃው ይነክሰኛል» ብላ ለባሏ ለቬርሊን ስትነግረው ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ፣ ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ቬርሊን ራሱ «ነርቭ ነው» ብሎ ቅባት አሻት። በሁለተኛው ሐኪሙ «ነርቭ ነው» አለና አንድ ክኒን ጨመረባት። በሦስተኛው፣ በጃንዋሪ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከጓሮው የሙቅ ውሃ ገንዳ ወጥታ ወፍራም ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ «የሚነክሰኝ መውጫው ላይ ያለውን ብረት ስይዝ ብቻ ነው። ፕላስቲኩን ስይዝ ምንም የለም። ነርቭ ደግሞ ብረትና ፕላስቲክ አይለይም» አለችው።

ቬርሊን ሹካውን አስቀመጠ። በወረቀት ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ አንዱን በአለቃነት የኖረ ሰው ነው። ይህንኑ ነገር የጎረቤት ሚስት ብትነግረው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ይዞ ይሮጥ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የገዛ ሚስቱን ለመስማት አምስት ሳምንት ፈጀበት።

«ለምን እንዲህ አድርገሽ አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። አንተ ቅባት አመጣህ።»

ገንዳው ለሎርና ቅንጦት አልነበረም። የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛት አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈች ጣቶቿ እንደተኮራመቱ ይውላሉ፤ ልብስ መቆለፍ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ ያቅታታል። ቬርሊን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ገንዳውን ገዝቶ፣ መሬቱን ራሱ ቆፍሮ፣ ሽቦውን ራሱ ዘርግቶ፣ የብሬከሩን ሳጥን ግድግዳው ላይ ራሱ ሰቀለ። በዚያ አገር የቤቱን ሥራ ሰው ጠርቶ የሚያሠራ ወንድ በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ነው፤ ቬርሊንን በዚህ የሚያማው አልነበረም።

ባለፈው ኦክቶበር ግን ሌላ ነገር መጣ። ለሎርና መድኃኒት ሊገዛ በመኪና ወጣና፣ አመሻሹ ላይ ከስድስት ዓመት በፊት የተዘጋው ፋብሪካ በር ላይ ተገኘ። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የፈረቃው ደወል እስኪደወል ይጠብቅ ነበር። በሳምንቱ ልጃቸው ብሪታ ከዱሉት ከተማ ሦስት ሰዓት ነድታ መጣች። እዚሁ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ከተደገመ ቤቱ ይሸጣል፣ ሁለቱም እሷ አጠገብ ወዳለው የአዛውንቶች አፓርታማ ይገባሉ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጓሮ የለውም፣ ገንዳ የለውም፣ ጋራዥ የለውም። ቬርሊን እሺ ያለው እንደማይደገም እርግጠኛ ስለነበር ነው።

ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነበር። ቬርሊን የቴስተሩን አንድ ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከረ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ አሳረፈ። አሥራ ዘጠኝ ቮልት። አነሳና ደገመው። አሥራ ዘጠኝ። ዜሮ መሆን ነበረበት። ሚስቱ በየቀኑ እርጥብ እጇን የምታሳርፍበት ብረት ነው። ይህን ሲያስብ የገንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ከፈተ። ብሬከሩን ሊያጠፋ የሰደደው እጁ አየር ላይ ቀረ። ለእንዲህ ያለ ገንዳ የሚገባው ብሬከር ተራ ብሬከር አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ «ጠባቂው» ይሉታል። ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ገላ ጥቂት እንኳ ቢያፈተልክ፣ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ይቆርጠዋል። የሚታወቀውም ፊቱ ላይ ባለች ቢጫ መሞከሪያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ግን ቢጫ የሌለው ጥቁር ብሬከር ነበር፤ ለምድጃ የሚሆን፣ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ የሚያይ።

አጠፋው፣ መጥፋቱንም በቴስተር አረጋገጠ፣ ሳጥኑን ዘግቶ የፋብሪካውን ቀይ ጓጉንቸር ሰቀለበት። ስሙ ተቀርጾበታል፤ ቁልፉንም በክር አንገቱ ላይ አጠለቀ። በፋብሪካው እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ጓጉንቸርና አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው። ማሽን ሊነካ ሲል ማብሪያውን ይቆልፍና ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ያን ጓጉንቸር ከሰቀለው ሰው በቀር አለቃም ቢሆን፣ ዳይሬክተርም ቢሆን አይፈታውም። ቬርሊን ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ያስቀመጠ ሠራተኛ ሲያገኝ፣ ያን ቀን ያለ ደሞዝ ወደ ቤቱ ይሰደው ነበር።

የገንዳውን ጎን በካቻቢቴ ፈትቶ ሲፈትሽ ብልሽቱ ቶሎ ተገኘ። የማሞቂያው ብረት ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩን ወደ ውሃው ያፈስሳል። የመውጫውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያያይዘው ራቁት የመዳብ ሽቦም መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ተበጥሷል። ሁለቱም የዕድሜ ጥፋት ናቸው፤ ማሞቂያ ይሰነጠቃል፣ ሽቦም ይበላል። ጠባቂው በቦታው ቢኖር ኖሮ ግን ገና ማፍሰስ ሲጀምር ቆርጦ ያስታውቅ ነበር። የቀረው ጥያቄ ማን አነሣው የሚለው ብቻ ነው። ከራሱ ሌላ ያ ሳጥን አጠገብ የቆመ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቱ ጎርዲ ፔልኪ ነው።

«ጎርዲ ነው» አላት ለሎርና፣ እጁን ወጥ ቤቱ ቧንቧ ላይ እየታጠበ። «ባለፈው ሊረዳኝ የመጣ ጊዜ ነው። ጠባቂውን አውጥቶ የማይረባ ብሬከር ከቶበታል። ሊገድልሽ ነበር እኮ።»

«ጎርዲ?» አለች ሎርና።

«ድሮም አቋራጭ ይወዳል። ፋብሪካ እያለን ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ መሰለሽ።»

ሎርና በመስኮቱ ወደ ሳጥኑ አየች፤ ከዚያ ባሏን አየችው። ሻይዋን በሁለት መዳፏ ያዘች። ቬርሊን አስተያየቷን ድንጋጤ ነው ብሎ ካፖርቱን እያጠለቀ ወጣ።

ጎርዲ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ማሽኑን እየገፋ የደጁን በረዶ ይጠርጋል። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከራሱ ደጅ በፊት የቬርሊንን ደጅ የሚጠርገው እሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት በቬርሊን ሥር ሠርቷል፣ እስከ ዛሬም «አለቃ» ይለዋል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት ነው።

«አጥፋው ማሽኑን» አለ ቬርሊን።

«እንደምን አደርክ አለቃ። እኔም ደህና ነኝ፣ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።»

«የሎርናን ገንዳ ብሬከር ማን ቀየረው?»

ጎርዲ ማሽኑን አጠፋ። «ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትላለህ? ብረቱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቮልት አለ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሲነዝራት ከርሟል። ስጠይቅህ መልስልኝ፣ ማን ቀየረው?»

«እሷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ደህንነቷ ግን ከፈጣሪ ነው እንጂ ካንተ አይደለም።»

ጎርዲ ጓንቱን አውልቆ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። ለመመለስ አልቸኮለም፤ ቬርሊን ይህን ጥፋቱን እንደማመን ቆጠረበት።

«አለቃ» አለ ጎርዲ በመጨረሻ፣ ሹፈቱ ከድምፁ ጠፍቶ። «የምርህን ነው? አታስታውስም?»

«ምኑን?»

«ኖቬምበርን ነዋ። ያ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ የዘነበ ጊዜ። ጠባቂው በቀን ሦስቴ እየቆረጠ አስቸገረህ። ‹አርጅቷል፣ እርጥበት ገብቶበት ነው፣ በከንቱ ነው የሚቆርጠው› አልክ። ሎርና ሁለት ቀን ገንዳ ሳትገባ ቀርታ ማንኪያ አቅቷት ነበር፣ አንተ ነበርክ የምታጎርሳት። ‹አዲሱ እስኪመጣ ለአንድ ሳምንት› ብለህ ተራውን ራስህ አስገባህ። እኔ የእጅ ባትሪ ነው ያበራሁልህ። ባትሪ ማብራት ወንጀል ከሆነ እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ትዋሻለህ።»

«ልዋሽ። ካርዱ ግን አይዋሽም።»

«የምን ካርድ?»

«ና» አለው ጎርዲ፣ ማሽኑን እዚያው በረዶው ላይ ትቶት።

ተያይዘው ወደ ቬርሊን ጋራዥ ሄዱ። ቬርሊን መንገዱን ሁሉ በልቡ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያለ ነበር። ጎርዲ ገብቶ ግራ ቀኝ ሳያይ ጥግ ወዳለው ሚስማር አመራና፣ የተሰቀለውን አሮጌ የፋብሪካ ቱታ ገለጥ አደረገው። ከቱታው ሥር፣ በዚያው ሚስማር ላይ፣ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሏል።

በፋብሪካው ጠባቂ የተነሣበት ማሽን ላይ ቀይ ካርድ ይሰቀላል። ማን እንዳነሣው፣ መቼ እንዳነሣው፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍበታል። ቬርሊን ካርዱን ከሚስማሩ አወረደው። «አደጋ። የገንዳው ጠባቂ ተነሥቷል። ለአንድ ሳምንት ብቻ። ኖቬምበር 9። ቬ. ሃውገን» ይላል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በካርድ ላይ የጻፈበት የራሱ ድርቅ ያለ ጽሕፈት ነው። ከሚስማሩ በታች፣ መደርደሪያው ላይ፣ አዲሱ ጠባቂ ብሬከር ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት ተቀምጧል።

«ሳጥኑ ላይ ስቀለው ብዬህ ነበር» አለ ጎርዲ። «‹የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሎርናን ሊጠይቁ ሲመጡ አይተው ይፈራሉ። ቬርሊን የሠራው ገንዳ አደጋ አለው ተብሎ በከተማው ይወራልኝ? እኔ እንደሆነ አልረሳውም› አልከኝና እዚህ ሰቀልከው።»

ቬርሊን በአእምሮው ያን ቀን ፈለገው። ዝናቡን አላገኘውም። ባትሪውንም አላገኘውም። ሚስቱን ማጉረሱን፣ ማንም ባል ሊረሳው የማይገባውን ያን እንኳ፣ አላገኘውም። ፈራ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ አራት መቶ ሰማንያ ቮልት ወርውሮ ከግድግዳ ጋር አላትሞታል፤ ያኔ እንኳ እንዲህ አልፈራም። ያኔ ጠላቱ ከሱ ውጭ ነበር። አሁን ሚስቱን ሊገድል የነበረው እጅ ካርዱን የያዘው ይኸው እጅ ነው።

«ተቀመጥ እስቲ» አለው ጎርዲ፣ ባዶ ባልዲ ገልብጦ እያቀረበለት።

ቬርሊን ተቀመጠ። «ለሎርና አንተ ነህ ብያታለሁ» አለ።

«ገምቻለሁ። በዚያ አመጣጥህ ለከተማው ሁሉ ያልነገርከውም ጊዜ አጥሮህ ነው።» ጎርዲ ሊስቅ ሞከረና ተወው። እሱም መደርደሪያውን ተደግፎ ቆመ። «ስማኝ አለቃ። እኔ እንደሆንኩ ይቅር።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በቃ፣ ጎርዲ ነው የሠራው እንበል። ሰው ሁሉ ዝርክርክ መሆኔን ያውቃል፣ ማንም አይገርመውም። ሎርና አንድ ወር ታኮርፈኛለች፣ ከዚያ ያንን የጫካ ሩዝ ሾርባዋን ትልክልኛለች። ማሞቂያው በሁለት ቀን ይመጣል፣ አብረን እንገጥመዋለን፣ ጠባቂውን እንመልሳለን። ብሪታ ይህን ከሰማች ግን ታውቃለህ፣ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ሎርና እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ገንዳ ምን ልትሆን ነው? ዝም አይነቅዝም አለቃ።»

«አንተ ምን ቤት ነህ የኔን ጥፋት የምትሸከመው?»

«የኔም አለበት» አለ ጎርዲ፣ ወደ ጫማው እያየ። «ሳምንቱ ሲያልፍ ‹መለስከው ወይ?› ብዬ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። አለቃዬን እንዴት እጠይቃለሁ ብዬ አፈርኩ። ካርዱ ከቱታው ሥር ብቅ ብሎ ባየሁ ቁጥር ነቅለህ መጣል ረስተኸው ነው እያልኩ አለፍኩ። እሷ እኮ በየጠዋቱ ትገባበት ነበር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጋራዡ ወጥተው፣ ውሃው ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ ሳይረጋ የገንዳውን መክፈቻ ከፍተው ለቀቁት። ውሃው እንፋሎቱን እያወጣ በበረዶው ላይ ወደ ታች ወረደ። ቬርሊን ሲፈስ እያየ የጎርዲን ነገር በልቡ ያመላልሰው ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ማንም አይጎዳም። ቤቱ ይተርፋል፣ ሎርና ገንዳዋን አታጣም፣ ጎርዲም ወዶ ነው። ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ውሸቱ ከእውነቱ የሚበልጥ ትርፍ ነበረው። ይህ ራሱ አስጠላው።

«ወደ ቤትህ ሂድ ጎርዲ» አለው። «ማሽንህ ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ምን ወሰንክ?»

«ሂድ ብዬሃለሁ።»

ሎርና ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዘንድ እንደተቀመጠች ነበር። ውሃው ቀድሞ ስለነከሳት ያን ጠዋት ሃያ ደቂቃዋን አልጨረሰችም፤ ጣቶቿ መዳፏ ላይ ተኮራምተው መቀመጥ ጀምረዋል። ቬርሊን ካፖርቱን ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመ። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። እጁ እንደ ልማዱ ወደ አንገቱ ሄዶ ክሩን ፈለገ፤ ክሩ የለም። ሸሚዙ ውስጥ ዳበሰ፣ ኪሶቹን ዳበሰ፣ ካፖርቱን ዳበሰ።

«ይህን ነው?» አለች ሎርና። ክሩ አንጓዋ ላይ ተጠምጥሟል፤ ቁልፉ ከጣቶቿ ሥር ነው። «እጅህን ስትታጠብ አውልቀህ ከሳሙናው አጠገብ ትተኸው ሄድክ።»

ቬርሊን ይህን ያደረገ ሠራተኛ ስንት ጊዜ ወደ ቤቱ ሰዷል።

«ምን ሆኖ ተገኘ?» አለች።

«ማሞቂያው ተሰንጥቋል። የመሬቱ ሽቦም ተበጥሷል። ሁለቱም ይጠገናሉ።»

«ጥሩ። ጎርዲስ?»

ጥያቄዋ ቀላል ነበር፣ ሻይ ልጨምርልህ ወይ እንደማለት። ቬርሊን ቤቱን አየ፤ ራሱ የቀባውን ግድግዳ፣ ሎርና ወንበሩን ሳትለቅ እንድትደርስበት ዝቅ አድርጎ የሠራላትን መደርደሪያ፣ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ወዲያ ባዶውን ገንዳ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ቃሉንም ጎርዲ ራሱ ሰጥቶታል። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይዋ አጠገብ፣ ጽሕፈቱን ወደ እሷ አዙሮ አኖረው።

ሎርና መነጽሯን ሳታደርግ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።

«እኔ ነኝ» አለ ቬርሊን። «ጎርዲ አይደለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። አዲሱንም ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ። ሎርና፣ አላስታውስም። አንዱንም አላስታውስም። አምስት ሳምንት ይነዝረኛል ስትይኝ፣ ገዳዩ እኔ ሆኜ ቅባት አሽሽ ነበር።»

«ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«አውቅ ነበር» አለች። «ብሬከሩን ሳይሆን፣ ጎርዲ አለመሆኑን። በኖቬምበር ያን ማታ በዚህ መስኮት ሳያችሁ ነበር። እጁ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው አንተ ነህ፣ ጎርዲ ባትሪ ይዞ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ምን እንደምትሠሩ አላወቅኩም፣ ሁሌም አንድ ነገር ትሠራላችሁ። ዛሬ ጎርዲ ነው ብለህ ስትወጣ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ይዘህ እንደምትመለስ ማየት ፈለግኩ። መርሳትህን አውቀዋለሁ ቬርሊን። ከኦክቶበር በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሱን እችለዋለሁ። አውቀህ ሰው ላይ ለጥፈህ ብትመለስ ኖሮ ግን፣ ከዚያ በኋላ ካንተ ጋር እዚህ ቤት እንዴት አድሬ እነሣለሁ እያልኩ ነው የተቀመጥኩት።»

ቬርሊን አለቀሰ። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ፣ ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። ሎርና የማይዘረጉ ጣቶቿን እጁ ላይ ጫነችበት፣ እስኪበቃው ጠበቀችው። እሷም ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ግን ቁልፉን አልመለሰችለትም። ክሩን ከአንጓዋ ፈትታ፣ ብዙ ታግላ፣ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

«ጓጉንቸሩ ይቆይ» አለች። «ጎርዲ ሲመጣ ለጎርዲ እከፍትለታለሁ።»

«እሺ።»

«አሁን ወደ ብሪታ እንደውል።»

ቬርሊን ወደ ባዶው ገንዳ አየ። «ዛሬውኑ?»

«ዛሬውኑ። አንድ ጊዜ ከተደገመ ብለናል፣ ተደገመ። ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እኔም አራተኛ ፎቅ መሄድ አልፈልግም። ግን በጀርባዋ አይሆንም።» ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና አመልካች ጣቷን ልትዘረጋ ሞከረች። ጣቷ እምቢ አለ። በመዳፏ ጠርዝ ሞከረች፣ ሌላ ቁጥር ተነካ። ስልኩን ገፋ አድርጋ አቀረበችለት። «አንተ ደውልልኝ። ቁጥሩ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።»

ቬርሊን ወደ ማቀዝቀዣው አልዞረም። አሥሩንም ቁጥር አንድ በአንድ ተጫነ፤ አንዱንም አልሳተም። የስልኩን ድምፅ ከፍቶ በሁለታቸው መካከል አስቀመጠውና ጥሪውን አብረው አዳመጡ።

«አባዬ?» አለች ብሪታ። «ምነው፣ በደህና ነው?»

ሎርና ስልኩን ወደ ቬርሊን አስጠጋችው።

«በደህና አይደለም ልጄ» አለ ቬርሊን።